የደወሉ ባትሪ ስንት ሰዓት ይቆያል?

የሌባ ማንቂያ ደወል ሲሸጥ የሚወራው ስለ ሳይረኑ ጩኸት ነው፤ በሳጥኑ ግርጌ ስለተቀመጠው ጥቁር ባትሪ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። በዋግ ኽምራ፣ ሰቆጣ ወይም ደሃና ላይ ሱቅ ላለው ሰው ግን ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ እሱ ነው። በአውሮፓ መስፈርት ለመኖሪያ ቤትና ለአነስተኛ ሱቅ የሚገጠም ደወል ያለ መብራት 12 ሰዓት ከሠራ ይበቃዋል፤ እዚያ መብራት ቢጠፋም በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። በሰሜኑ ጦርነት ወራትን በጨለማ ላሳለፈው ዋግ ኽምራ ይህ ልክ አይሆንም። ለወራት የሚበቃ ባትሪ እርግጥ የለም፤ ለአንድና ለሁለት ቀን ግን ማስላት ይቻላል። መሣሪያው ከነጠቋሚዎቹ ሳይጮህ ሲጠብቅ 0.2 አምፔር ቢበላ፣ በ24 ሰዓት 4.8 አምፔር-ሰዓት ይጨርሳል። የተለመደው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የታሸገ የእርሳስ ባትሪ አዲስ ሳለ ይህን ችሎ ለሳይረኑም ይተርፈዋል። እያረጀ ስለሚደክም ሩብ ያህል ይታከልበት፤ ሁለት ቀን የሚፈልግ ሰው 12 አምፔር-ሰዓት ይግዛ ማለት ነው።

«ታዲያ የመኪና ባትሪ ብንገጥምበትስ?» የሚል አይጠፋም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው፤ ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው ሲራገፍ ቶሎ ይበላሻል፣ ሲሞላም ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። የደወሉ ቻርጀርም ትንሽ ስለሆነ መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ቦታ አይሞላውም። ለታሸገውም ባትሪ ቢሆን ቻርጀሩ የሚችለውን ልክ ከመመሪያው ማየት ያስፈልጋል። ስለ ባትሪው ላለመጨነቅ «ዘበኛ አለኝ» የሚለው መልስም አያስኬድም፤ ደወሉ አንዱ ሥራው ያንቀላፋን ዘበኛ መቀስቀስ ነው።

በአያያዝ ረገድ ደጋው ታድሏል። ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል፤ ሰቆጣ ላይ የሚበረክተው ባትሪ ተከዜ ዳር ቆላው ውስጥ ፈጥኖ ያረጃል። ደጋም ይሁን ቆላ፣ ተራግፎ ባዶውን የከረመ ባትሪ መልሶ አይሞላም፤ መብራት ለቀናት ከጠፋ ሳያልቅ መንቀል ይሻላል። በመልቲሜትር 13.6 ቮልት አይቶ መርካትም ያሳስታል፤ እሱ የቻርጀሩ ቮልት ነው። ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.8 አካባቢ ያነባል፤ ያረጀውም 12.7 አንብቦ ሳይረኑ ሲጮህ በሰከንዶች ወደ 10 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ብሬከሩን አጥፍተው ደወሉን ለሰዓታት በባትሪ ብቻ ያቆዩት፤ ከዚያ ሳይረኑን እያስጮሁ ቮልቱን ይለኩ። ሲገዙ የተመረተበትን ቀን ይጠይቁ፣ የተገጠመበትን ቀን በባትሪው ላይ ይጻፉ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ከሞላው ወይም ሆዱ ካበጠ ይቀይሩት።