የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በሦስት ቁጥር ይታወቃል

ከደምበጫ ተነስቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ባህር ዛፍ አያጣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ የቤት ቋሚ ነው፣ ማገዶ ነው፣ ሲቸግርም የሚሸጥ ጥሪት ነው። ቀጭኑን አጣና መጥረቢያ ይጨርሰዋል። ግንዱ ሲወፍርና ጣውላ ሲታሰብ ግን የሞተር መጋዝ ይፈለጋል።

ከመጋዙ ዕቃዎች ቶሎ ከሚያልቁት ዋነኛው ሰንሰለቱ ነው። ብዙ ሰው አዲስ ሊገዛ ሲሄድ «ለባለ 20 ኢንች መጋዝ የሚሆን ስጡኝ» ይላል። ይህ አይበቃም። ርዝመቱ 20 ኢንች የሆነ አንዱ ባር፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት፣ ከታቹ 72 ምላስ ያለው ሰንሰለት ሲወስድ፣ በየገበያው የሚታየው ባለ 52 እና ባለ 58 ሲሲ የቻይና መጋዝ ባለ 20 ኢንች ባር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 76 ይፈልጋል። በመጋዙ ስም ብቻ መግዛትም ያሳስታል፤ አንድ መጋዝ የተለያየ ባር ሊገጠምለት ይችላልና። ሰንሰለት በትክክል የሚታወቀው በሦስት ቁጥሮች ነው።

ቁጥሮቹን ለመረዳት የሰንሰለቱን አሠራር ማወቅ ይረዳል። ጀርመናዊው አንድሪያስ ስቲል በ1926 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ ሲሠራ፣ የዘመኑ ጥርሶች እንጨቱን የሚቧጭሩና በየጊዜው ብዙ ሞረድ የሚፈልጉ ነበሩ። ለውጡ የመጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ የኦሪገን እንጨት ቆራጭ፣ የጥንዚዛ እጭ በመንጋጋዎቹ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ጉቶ ሲበላ ተመለከተ። ያን አይቶ አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ የሚቆርጥበትን ሰንሰለት ሠራ፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ፋብሪካ አቋቋመ። ዛሬ የምንጠቀምበት ሰንሰለት የዚያው ዘር ነው። ከላይ ቆራጭ ጥርሶች አሉት፤ ከታች ደግሞ በባሩ ቦይ ውስጥ የሚሄዱ ምላሶች አሉት። ሞተሩ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት ሰንሰለቱን የሚጎትተው በእነዚህ ምላሶች ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር የሰንሰለቱን ክፍሎች በሚያያይዙት ሪቬቶች መካከል ያለው ርቀት ነው። በሪቬቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ስላልሆነ፣ ተከታታይ ሦስት ሪቬቶች ይያዙና ከመጀመሪያው መሐል እስከ ሦስተኛው መሐል ያለው ተለክቶ ለሁለት ይካፈላል። ለሁለት ሳይካፈል በተራ ማስመሪያ 16.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከመጣ ሰንሰለቱ 0.325 ኢንች ነው፤ 19 ከመጣ 3/8 ኢንች፤ 20.5 ከመጣ 0.404 ኢንች። ይህ ልክ ከሚያዞረው ክብ ብረት ልክ ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ምላሶቹ በቦታቸው አይቀመጡም፤ ሁለቱም ይበላላሉ።

ሁለተኛው የምላሱ ውፍረት ነው። የተለመዱት 1.1፣ 1.3፣ 1.5 እና 1.6 ሚሊ ሜትር ናቸው። ወፍራሙ ቀጭን ቦይ ውስጥ አይገባም። የሚያታልለው ቀጭኑ ነው፤ ቦዩ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፣ ገዢውም ልክ ነው ብሎ ይሄዳል። ሥራ ላይ ግን ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል፣ አቆራረጡ ይጣመማል፣ ቦዩም ይሰፋል። በ1.5 እና በ1.6 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አይለየውም፤ ካሊፐር ይፈልጋል።

ሦስተኛው የምላሶቹ ብዛት ነው። በአንዱ ምላስ ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ ዞሮ እስኪመጣ መቁጠር ነው። ጥርሶቹን መቁጠር ግን ያሳስታል።

መለካት ሳያስፈልግም ብረቱን ማንበብ ይቻላል። ብዙ ባሮች ሦስቱም ቁጥሮች በሞተሩ በኩል ባለው ጫፋቸው ላይ ተቀርጸውባቸዋል። ኦሪገን በሚባለው ብራንድ ሰንሰለት ምላስ ላይ 72፣ 73 ወይም 75 ከተጻፈ ርቀቱ 3/8 ኢንች ነው፤ ውፍረቱም በቅደም ተከተል 1.3፣ 1.5 እና 1.6 ሚሊ ሜትር። 20፣ 21 ወይም 22 ከሆነ ርቀቱ 0.325 ነው፤ ውፍረቱም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል። ስቲል በሚባለው ብራንድ ሰንሰለት ምላስ ላይ ያለ 3፣ 5 ወይም 6 የሚያመለክተው 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረትን ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች ከተሟሉ በኋላ የጥርሱ ዓይነት ይመረጣል። ማዕዘኑ ስል የሆነው ንጹሕ እንጨት ላይ ይፈጥናል፤ አቧራ ሲነካው ግን ቶሎ ይዶለዱማል። ጥጉ ክብ የሆነው ትንሽ ቢዘገይም ስለቱን ይዞ ይቆያል፤ አቧራ ለጠጣ የመንገድ ዳር ባህር ዛፍ የሚሻለው እሱ ነው። ዛፍ ለመጣልና ግንድ ለመቁረጥ የተሠራ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዲግሪ ገደማ ይሳላል። ግንድን በቁመቱ ሰንጥቆ ጣውላ ለማውጣት ግን በ10 ዲግሪ ገደማ የተሳለው ይመረጣል።

ጥሩ ሰንሰለት ዕድሜው በሞረድ ይረዝማል። ለ0.325 ባለ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለተለመደው 3/8 ባለ 5.2፣ ለ0.404 ባለ 5.5 ክብ ሞረድ ይያዛል። ስል ጥርስ ወፍራም ፍቅፋቂ ያወጣል፤ የደነዘ ጥርስ ደቃቅ ሰጋቱራ ይበትናል። ለባሩም የሰንሰለት ዘይት ይሰጠው፤ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በውስጡ ባለው የብረት ብናኝ ባሩን ይበላዋል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው።

ለገበሬው ከዚህም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ባህር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው። ከመሬት ጥቂት ከፍ ተደርጎ፣ ውኃ እንዳያቁር ዘንበል ብሎ፣ ልጡ ሳይገነጠል የተቆረጠ ጉቶ ለቀጣዩ ቆረጣ ጤነኛ ቡቃያ ያወጣል። ልክ ያልሆነ ወይም የደነዘ ሰንሰለት ልጡን ይቦጭቃል፤ ጉዳቱም ለሚቀጥለው ምርት ይተርፋል።

የሠራተኛውም አካል አለ። የማይገጥም ሰንሰለት ከባሩ ሊወጣ ወይም ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ የመጋዝ ባለቤት ሆይ፣ ወደ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ወደ ቡሬ ገበያ ከመውጣትህ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች በመጋዙ ሽፋን ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፋቸው። ከተቻለም አሮጌውን ሰንሰለት ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ ፊትም ምላስ ለምላስ አስተያይተህ ግዛ።