ቫይረስ ከማን ወገን ነው?

ልጅ ሲያተኩሰው፣ አፍንጫው ሲፈስና ሲያስለው በብዙ ቤት ወዲያው የሚፈለገው ካለፈው ሕመም የተረፈው የአሞክሲሲሊን ብልቃጥ ነው። ጎረቤትም «የእኔን ልጅ ያዳነው ይኸው ነው» ስትል ትመክራለች። መድኃኒቱ ይጠቅም እንደሆነ ለመረዳት ግን በሽታውን ያመጣው ነገር ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ሕይወት ያለውን ሁሉ በሦስት ታላላቅ ክፍሎች ይመድባሉ። አንደኛው ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው ባክቴሪያን የሚመስሉ፣ በዘር ግን የተለዩ አርኬያ የተባሉ ረቂቅ ፍጥረታት ናቸው። በሦስተኛው ሰው፣ እንስሳት፣ ዕፅዋትና ሻጋታ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ከሕዋስ የተሠሩ ናቸው። ቫይረስ ግን ሕዋስ የለውም፤ በፕሮቲን ልባስ የተጠቀለለ የዘር መልእክት ነው። አይመገብም፣ አይተነፍስም፣ ብቻውንም አይራባም። ሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የራሱን ቅጂ እንዲሠራለት ያስገድደዋል። ስለዚህ ከሦስቱ በአንዱም ቦታ አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካዊው ዌንደል ስታንሊ የትምባሆ ቅጠል የሚያጠቃውን ቫይረስ እንደ ጨው ፍሬ ክሪስታል አድርጎ ለይቶ አወጣው። ያ ክሪስታል ተመልሶ ቅጠል ላይ ሲደረግ ተክሉን አሳመመ። ሕይወት አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ ለሊቃውንቱ እንተውላቸው።

ይሁንና ቫይረሶች የራሳቸው መዝገብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በወገንና በቤተሰብ ይከፋፍላቸዋል። በዚህ መዝገብ የልጆቻችን ኩፍኝ ደስታ ለተባለው የከብት በሽታ የቅርብ ዘመድ ነው። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ከ1880 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ለክፉ ቀን የዳረገን እርሱ ነው። በክትባት ኃይል እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዘመዱ ኩፍኝ ግን አሁንም አለ።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ። አሞክሲሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ የሕዋሱን ግድግዳ እንዳይገነባ በማድረግ ነው። ቫይረስ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ የሚያፈርሰው ነገር አያገኝም። ጉንፋንም ሆነ ኩፍኝ በዚህ አይድንም። ይልቁንም ያለ ቦታው የተወሰደ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያለማምዳቸዋል፤ እውነተኛው ችግር በመጣ ቀንም አንበገርም ይላሉ። ጉንፋን ለያዘው ሕፃን ጡት፣ ፈሳሽና ዕረፍት ይበጀዋል። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የኩፍኝ መከላከያው ክትባት ሲሆን በአገራችን ሕፃኑ 9 ወርና 15 ወር ሲሞላው ይሰጣል። ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ሐኪም አንዳንድ ጊዜ አንቲባዮቲክ ያዛል፤ ይህ የሚያደናግራቸው እናቶች አሉ። የሚታዘዘው ለኩፍኙ አይደለም። ኩፍኙ ሰውነትን ሲያደክም ተከትሎ የሚገባውን፣ የሳንባ ምች ወይም የጆሮ ሕመም የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለማጥቃት ነው።