ከአንደኛ ክፍል በፊት

አምስት ጠጠር ይበተናል። ልጅቷ አንዱን ወደ ላይ ትወረውርና እሱ ሳይወድቅ ከመሬት ሌላ አንስታ የወረወረችውን ትቀልባለች። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱን ባንዴ። ከሳተች ተራው የጓደኛዋ ነው። ለአላፊ አግዳሚው ቅልብልቦሽ የልጅ ጨዋታ ብቻ ነው። ልጅቷ ግን አራትን በየመልኩ እየከፋፈለች ነው፤ ዓይኗና እጇ ይናበባሉ፤ ተራ መጠበቅንም ትለምዳለች።

ትምህርት ደብተር እስኪገዛ አይጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት በሕፃን አንጎል ውስጥ በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ትስስሮች ይፈጠራሉ። ደጋግሞ የሚሠራባቸው ይጠነክራሉ፤ የማይሠራባቸው ይከስማሉ። ሕፃኑ “አጉ” ሲል እናቱ ዓይን ዓይኑን እያየች ስትመልስለት፣ አያቱ እንቆቅልሽ ስትጠይቀው፣ እህቱ እቃ እቃ ስታጫውተው ትስስሩ ይበረታል።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በጃማይካ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በዋና ከተማዋ ኪንግስተን በምግብ እጥረት የቀጨጩ 129 ሕፃናት ለጥናት ተመረጡ። ከፊሎቹ ቤት የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል እየሄደች፣ ከቤት ቁሳቁስ በተሠሩ መጫወቻዎች እናትና ልጅ አብረው እንዲጫወቱ ለሁለት ዓመት አገዘች። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች እንዲህ ያለ እገዛ ካላገኙት እኩዮቻቸው በአማካይ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር።

በኢትዮጵያ ለዘመናት ሕፃናትን ፊደል ያስቆጠሩት የቄስና የቁርኣን ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የከተማና ከፍሎ የማስተማር አቅም ያለው ወላጅ ልጆች ዕድል ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አወጡ። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ ትልልቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያስተምሩበት “ከልጅ ለልጅ” መርሐ ግብርም ተጀመረ። ከመቶ ሕፃናት አሥሩን እንኳ የማይደርስ የነበረው የቅድመ አንደኛ ትምህርት ተሳትፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ግማሽ ተጠጋ።

በሩ ተከፍቷል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሥራ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። በብዙ ቦታ ዜሮ ክፍልን የሚይዘው ለሕፃናት የተለየ ሥልጠና ያልወሰደ መምህር ነው። አግዳሚ ወንበሩም የትልልቆቹ ስለሆነ የአምስት ዓመት ልጅ እግሩ ተንጠልጥሎ “ሀ ሁ”ን እየጮኸ ይደግማል። መጮኽና መገልበጥ ፊደሉን በቃል ያስይዘዋል እንጂ “ላ” የላም መጀመሪያ መሆኗን አያሳየውም። አሸዋ ላይ በጣቱ ሲጽፍ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ሲቆጥር፣ የሰማውን ተረት በራሱ አፍ ሲተርክ ነው የሚገባው።

ይህን መንገድ ወደ ቴሌቪዥን ያመጡት የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተላለፈው “ፀሐይ መማር ትወዳለች” ፀሐይ በተባለች የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ፊደልን፣ ቁጥርንና ንጽሕናን በአማርኛ አስተምሯል። አዘጋጇም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ሽልማት አግኝተውበታል።

የተራበ ልጅ ግን ጨዋታም አይጥመውም። ለዚህም ነው አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ የጀመረችው ምገባ የትምህርቱ አካል ሆኖ መታየት ያለበት። ከተማዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ሠራተኞችንም አሰማርታለች።

የወላጅም ድርሻ አለ። ብዙዎች መዋዕለ ሕፃናት ሲመርጡ የሚጠይቁት ስለ እንግሊዝኛውና ስለ ቤት ሥራው ነው። ግቢው ውስጥ ገብቶ ማየት ይሻላል። ልጆች የሚሮጡበት ቦታ አለ? መጫወቻው እጃቸው ይደርስበታል ወይስ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል? መምህሯ ስታናግራቸው ዝቅ ብላ ነው? የሚያለቅሰውን ማን ያባብለዋል? መጸዳጃ ቤቱና የእጅ መታጠቢያውስ ለትንሽ ልጅ ቁመት ይመጥናል? መልሱ አጥጋቢ ከሆነ ልጁ ምንም ያልተጻፈበት ደብተር ይዞ ቢመጣም ወላጅ ሊሠጋ አይገባም።