ሕጸጽ ያልተገኘበት የውድድር ዘመን

ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ በሚመነጭበት በሚኒሶታ ግዛት፣ ብርዱ በየዓመቱ ሐይቁን ሁሉ አደንድኖ ሰው ብቻ ሳይሆን መኪና ጭምር እንዲሄድበት ስለሚያደርገው፣ የአገሩ ልጆች በእግራቸው ጸንተው በቆሙ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሥሩ ስለት ያለው ብረት የተገጠመለትን ጫማ እያጠለቁ በበረዶ ላይ መንሸራተትን ይለምዳሉ፤ ከዚህም ልማድ የተነሣ የበረዶ ሆኪ የሚባለው ጨዋታ በዚያ ምድር ከስፖርትነት አልፎ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ሆኖአል። ይህ ርስት ግን ለረጅም ዘመን ለወንዶች የተከለለ ስለ ነበረ፣ ሴቶች ልጆች ከወንድሞቻቸው ጋር ገብተው ድርሻቸውን ለመያዝ የቻሉት በእኛው ዕድሜ ነው። ይህ ጽሑፍ ሊያስተዋውቅ የተነሣው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ ይልቁንም ቡድኑ ከ2012 መጸው እስከ 2013 መጋቢት ወር ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) 41 ጊዜ ተጋጥሞ 41 ጊዜ ድል ያደረገበትን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተረታበትንና አንድ ጊዜ እንኳ አቻ ያልወጣበትን የውድድር ዘመን ነው።

የዚህን ቍጥር ዝና ብቻ የሰማ ሰው ድሉ ሁሉ በቀላሉ የተገኘ፣ ተጋጣሚዎቹም ሁሉ ደካሞች የነበሩ ሊመስለው ይችላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ የመረመረ ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም ያ ፍጹም የተባለ ዘመን የጥቂት ወራት ሥራ ሳይሆን አርባ ዓመት ያህል በሕግና በተቋም ሲዘጋጅ የኖረ መሆኑን፣ ደግሞም እንዲህ ተዘጋጅቶ ሳለ በአንዲት ምሽት ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበረ ነው።

የገና ጨዋታን ለሚያውቅ አንባቢ የበረዶ ሆኪን መሠረት ማስረዳት አያስቸግርም፤ ጫፉ የታጠፈ በትር አለ፣ በበትሩ የሚነዳና የሚመታ ነገር አለ፣ ወደ ተቃራኒው ወገን ለማድረስ የሚሽቀዳደሙ ሁለት ጭፍሮች አሉ። ነገር ግን የሩርን ቦታ የያዘችው ፓክ የምትባል፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች፣ ውፍረቷ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ አግድመቷ 7.6 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 170 ግራም ያህል የሆነ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ናት፤ ሜዳውም 61 ሜትር ያህል ርዝመትና 26 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ዙሪያውን በሳንቃና በመስተዋት የታጠረ በረዶ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ጨዋታው በሦስት ክፍል ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 20 ደቂቃ ይፈጃል። በበረዶ ላይ በሙሉ ኃይል መሮጥ ትንፋሽን ፈጥኖ የሚጨርስ በመሆኑ፣ አንዲት ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትሞላ ወደ መቀመጫዋ ተመልሳ ባልደረባዋ ትተካታለች፤ ይህም መለዋወጥ የዳኛ ፊሽካ ሳይጠበቅ፣ ጨዋታው ሳይቋረጥ፣ ሳንቃውን በመዝለል ይፈጸማል። በሴቶች ጨዋታ ሥርዓት ደግሞ ሆን ብሎ በትከሻና በሰውነት ተጋጣሚን መግጨት የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ጕልበቱ ሁሉ ወደ እግር ፍጥነት፣ ወደ እጅ ጥበብና ወደ ዓይን አስተውሎት ይዞራል፤ በእኔ ፍርድ ይህ ክልከላ ጨዋታውን አላጐደለውም፣ አጥርቶታል እንጂ።

በረዶው ራሱ እንክብካቤ የሚሻ ነገር ነው። ከማቀዝቀዣ ቱቦዎች በላይ የተረጋው ይህ ሜዳ ውፍረቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የተጫዋቾቹ ጫማ ስለት እየቧጠጠ ቶሎ ያሻክረዋል። በየክፍሉ መካከል ባለው ዕረፍት፣ ፍራንክ ዛምቦኒ የተባለ ሰው በ1949 በካሊፎርኒያ የሠራውና እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራው ማሽን ወደ ሜዳው ይገባና የሻከረውን ቆዳ በስለቱ ልጦ፣ ፍርፋሪውን ሰብስቦ፣ ከኋላው ስስ የሞቀ ውሃ እያለበሰ ይሄዳል። ውሃው የሚሞቅበት ምክንያት ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ብቻ ሲረጋ፣ ሙቁ ግን የበረዶውን ገጽ በጥቂቱ አቅልጦ ከሥረኛው ጋር አንድ አካል ሆኖ ስለሚጠነክር ነው።

የሴቶቹ ታሪክ የሚጀምረው ከሕግ ነው። በጁን 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙትና ርእስ ዘጠኝ በመባል የታወቀው የትምህርት ሕግ ክፍል፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማናቸውም የትምህርት ተቋም ሰውን በጾታው ምክንያት ከትምህርትና ከጥቅሙ እንዳያገል ያዝዛል። ስለ ስፖርት አንዲት ቃል ያልተናገረው ይህ አጭር አንቀጽ በተግባር ሲተረጐም ግን ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ተማሪዎች ቡድን እንዲያቋቍሙ፣ አሠልጣኝ እንዲቀጥሩና ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲሰጡ አስገደዳቸው። ሕግ ከወጣበት ቀን እስከ ፍሬው ብዙ መንገድ አለና፣ ሚኒሶታ የልጃገረዶችን ሆኪ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውድድር ውስጥ ያስገባችው በ1994 ነው፤ ይህንም በማድረግ ከግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ቡድን በ1997 ጨዋታ ጀመረ፤ በ1998 በጃፓን ናጋኖ የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ሲገባ የአሜሪካ ልጃገረዶች ወርቁን ወሰዱ፤ የብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበርም የመጀመሪያውን የሴቶች ሆኪ ዋንጫ በ2001 ሰጠ።

በ2002 ደግሞ በሚኒያፖሊስ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ሪደር አሪና የተባለው ሕንጻ ተመረቀ። በአሜሪካ ለኮሌጅ ሴቶች ሆኪ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ቤት ይህ ነው፤ 3,400 ያህል ተመልካች ይይዛል፤ ስሙም የተወሰደው ከካትሊንና ከሮበርት ሪደር ሲሆን፣ ባለቤቲቱ ካትሊን ሴቶች በስፖርት እኩል መብት እንዲያገኙ ብዙ የተጋደሉ ሴት ነበሩ። የራስ ቤት ማግኘት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ወንዶቹ ከተለማመዱ በኋላ በሚተርፍ ሰዓትና በሌላ ሰው ሜዳ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ በበኩሌ ከተጫዋቾቹ ተሰጥዖ ያላነሰ ዋጋ ለዚህ ሕንጻ እሰጠዋለሁ።

የውድድሩ ዘመን ሥርዓት እንዲህ ነው። ቡድኑ በዚያን ጊዜ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎችን በሚያቅፈው የምዕራብ ሊግ ውስጥ ሆኖ ከሰባቱ ባልንጀሮቹ ጋር ከእያንዳንዳቸው አራት አራት ጊዜ፣ በድምሩ 28 ጊዜ ይጋጠማል፤ ልማዱም በሳምንቱ መጨረሻ በሁለት ተከታታይ ቀናት ከአንዱ ተጋጣሚ ጋር ሁለት ጊዜ መጫወት ነው። ይህ ልማድ ቀላል አይምሰል፤ በመጀመሪያው ቀን የተሸነፈ ቡድን የአሸናፊውን ምስጢር ተምሮ፣ ቍጭቱንም ይዞ፣ በማግሥቱ ይመለሳልና። ተጫዋቾቹም ደመወዝተኞች ሳይሆኑ ተማሪዎች ስለ ሆኑ፣ ከጉዞ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ፈተናና የቤት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የሊጉ የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ በመጨረሻም በዚያን ጊዜ ስምንት ቡድኖች ብቻ ይጠሩበት የነበረው ብሔራዊ ውድድር ይከተላል።

አሠልጣኙ ብራድ ፍሮስት ቡድኑን የተረከቡት በ2007 ሲሆን፣ በ2012 የጸደይ መባቻ በዱሉዝ ከተማ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲን 4 ለ 2 አሸንፈው የብሔራዊውን ዋንጫ ስለ ወሰዱ፣ አዲሱ ዘመን ሲገባ ሁሉም የሚያሳድዳቸው ሆነው ነበር። በእጃቸው ያሉት ተጫዋቾች ግን እንዲህ ያለ ስብስብ በአንድ ጊዜ የሚገኝ የማይመስል ነበር። አማንዳ ኬስል የተወለደችው በዊስኮንሲን ማዲሰን፣ ማለትም የቡድኑ ዋና ባላንጣ በሆነው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በ37 ጨዋታ 46 ግብ አስቈጥራ 55 ግብ አመቻችታ አቀበለች፤ በሆኪ ሥርዓት ግብ ማግባትም ማመቻቸትም እኩል አንድ አንድ ነጥብ ስለሚያሰጥ፣ ድምሩ 101 ሆነ። ሐና ብራንት ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆና ከአገሪቱ ታላላቅ አጥቂዎች ጋር ተሰለፈች፤ ሜገን ቦዜክ የተከላካዮቹ አለቃ ነበረች። በ28 ዓመቷ በደም በሽታ ለተቀጠፈችው ለፕሪንስተን ተጫዋች መታሰቢያ የተሰየመውና ለዓመቱ ታላቅ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው የፓቲ ካዝማየር ሽልማት በ2013 ለመጨረሻው ምርጫ ሦስት ስሞች ሲቀርቡ ሦስቱም የዚሁ ቡድን ልጆች ነበሩ፤ ሽልማቱ ለኬስል ተሰጠ።

ከኬስልና ከቦዜክ ቀጥሎ ሦስተኛዋ ዕጩ ግብ ጠባቂዋ ኖራ ራቲ ነበረች። ከፊንላንድ የመጣችው ራቲ በዚያ ዘመን 38 ጊዜ ቆማ 38 ጊዜ አሸነፈች፤ በአማካይም በአንድ ጨዋታ አንድ ግብ እንኳ አልገባባትም። የግብ ጠባቂነት ጥበብ ከሩቅ ሲያዩት ፓክን መያዝ ብቻ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከመመታቷ በፊት በሚሆነው ነገር ላይ ነው። በትሯን በአንድ እጅ፣ መያዣ ጓንቷን በሌላው አድርጋ የቆመችው ጠባቂ፣ ፓክዋን የያዘችው ተጋጣሚ በተንቀሳቀሰች ቍጥር በጫማዋ ስለት ጥቂት ጥቂት እየተገፋች፣ በፓክዋና በግቡ መካከል ያለው ማዕዘን እንዲጠብብ ቦታዋን ታስተካክላለች፤ ምቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ጕልበቶቿን በበረዶው ላይ አጣምራ እግሮቿን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትዘረጋለች፣ በእግሯ ላይ የታሰሩትም ሰፋፊ መከላከያዎች የግቡን ታችኛ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ይዘጉታል። ቦታዋን አስቀድማ የያዘች ጠባቂ ብዙ መዝለል አያስፈልጋትም።

መዓቱ የመጣው ማርች 16 ቀን 2013 ነው። በብሔራዊው ውድድር ሩብ ፍጻሜ ሚኒሶታ በገዛ ቤቱ የተቀበለው የሊግ ጎረቤቱን ሰሜን ዳኮታን ነበር። በሰሜን ዳኮታ በኩል የተሰለፉት መንትዮቹ ጆስሊንና ሞኒክ ላሙሩ የተማሪነት ዘመናቸውን የጀመሩት በዚሁ በሚኒሶታ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ግራንድ ፎርክስ ተመልሰው የአገራቸውን ቡድን ተቀላቅለዋል። ጨዋታው በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተፈጸመ። በጥሎ ማለፍ ሥርዓት መለያ ምት የለም፤ 20 ደቂቃ ይጨመራል፣ መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል፣ ማንም ካላገባ ሌላ 20 ይጨመራል። የመጀመሪያው ጭማሪ ያለ ግብ አለፈ፤ ማሽኑ ገብቶ በረዶውን አደሰ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ፤ ማሽኑ ዳግመኛ ገባ። ከመቶ ደቂቃ በላይ የሮጡት እግሮች በዝለት እየተንቀጠቀጡ ሳለ፣ በሦስተኛው ጭማሪ ኬሊ ቴሪ አግብታ ጨዋታውን 3 ለ 2 ዘጋችው። ከዚያች ቅጽበት በፊት በየደቂቃው አንድ ያልታሰበ የፓክ ንጥረት፣ አንድ የተንሸራተተ እግር፣ ያን ሁሉ ወራት የተሰበሰበ ድል ከፍጹምነት መዓርግ ሊያወርደው ይችል ነበር።

በሳምንቱ በዚያው በሪደር አሪና በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ቦስተን ኮሌጅም እስከ ተጨማሪ ሰዓት ታግሎ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ማርች 24 ቀን በፍጻሜው የገጠማቸው የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲሆን፣ በ2010 በቫንኩቨር ኦሎምፒክ ፍጻሜ የካናዳን ሁለት ግቦች ያገባችው ማሪ ፊሊፕ ፑላን ከእነርሱ ጋር ነበረች፤ ሚኒሶታ 6 ለ 3 አሸነፈና ዘመኑ 41 ለ 0 ሆኖ ተዘጋ። በሴቶች የኮሌጅ ሆኪ ከዚያ በፊት ምንም ሽንፈትና አቻ ሳይነካው ዘመኑን የፈጸመ ቡድን አልነበረም፤ በወንዶቹ በኩል ይህን ያደረገው በ1970 በ29 ጨዋታ 29 ድል ያገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው።

የድሉ ሰንሰለት ካለፈው ዘመን መጨረሻ ከተገኙት 8 ድሎችና በሚቀጥለው ዘመን መጀመሪያ ከታከሉት 13 ድሎች ጋር 62 ደረሰ። ከሰንሰለቱ አስቀድሞ በፌብሩዋሪ 2012 ሚኒሶታን ያሸነፈው ሰሜን ዳኮታ ነበር፤ ኖቬምበር 17 ቀን 2013 ሪደር አሪና ድረስ መጥቶ ሰንሰለቱን የበጠሰውም ያው ሰሜን ዳኮታ ነው። በ2016 ደግሞ ቦስተን ኮሌጅ 40 ጊዜ አሸንፎ ሽንፈት ሳያውቅ ለብሔራዊው ፍጻሜ ሲቀርብ፣ 41ኛውን ድል የነፈገው ሚኒሶታ ሆነ፤ በጭንቅላቷ ላይ በደረሰባት ጕዳት ከሜዳ ርቃ የቆየችው ኬስልም በዚያው ዓመት ተመልሳ በዚያ ጨዋታ ላይ ተሰልፋ ነበር።

የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ በማርች 2017 በበጀት ምክንያት የሴቶች ሆኪ ቡድኑን ዘጋ። ታላቁን ቡድን እስከ ሦስተኛው ጭማሪ ያደረሰ፣ ሰንሰለቱንም የበጠሰ ቡድን በአንድ የአስተዳደር ውሳኔ ሲጠፋ ማየት እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ርእስ ዘጠኝም ቢሆን አንድ የስፖርት ዓይነት ከነጭራሹ እንዳይዘጋ አይከለክልምና። ከዚያ ውሳኔ ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 2018 በፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ አሜሪካ በካናዳ 2 ለ 1 ስትመራ ሞኒክ ላሙሩ አቻ አደረገች፤ በመለያ ምቱም ኬስል አንዱን ካገባች በኋላ ጆስሊን ላሙሩ የመጨረሻውን አግብታ፣ አሜሪካ ከናጋኖ ወዲህ በሃያ ዓመቷ ወርቁን መልሳ ወሰደች።