አብሽ በሐኪሞች ሚዛን

አብሽን የማያውቅ ቤት በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። የወለደች እናት ትጠጣዋለች፤ ጨጓራውን የሚያመው ሰው ተመትቶ አረፋ ካወጣ በኋላ በማር ይጎነጨዋል፤ በጾም ወራትም በወተት ፈንታ ይቀርባል። ሰው ሁሉ ከቅመም ይቈጥረዋል እንጂ በዘሩ ከባቄላ፥ ከምስርና ከሽምብራ ወገን የሆነ ጥራጥሬ ነው። አሁን ግን «አብሽ የስኳር በሽታን ያድናል» የሚል ቃል ከቤት ወደ ቤት ይሰማል። ይህን አምኖ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት የሚተው ሰው በሕይወቱ ላይ የሚፈርድ ስለሆነ፥ ሊቃውንት የአብሽን ዘር በምን መንገድ እንደ መረመሩትና ምን እንዳገኙ መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አብሽ ከስኳር በሽታ ጋር የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘሩ በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር በሆድ ዕቃ ውስጥ ምግቡን ስለሚያወፍረው፥ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው። ከዚህም ሌላ በዘሩ ውስጥ 4-ሃይድሮክሲአይሶሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ይገኛል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1998 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ ይህ ነገር ስኳር በበዛበት ጊዜ ከቆሽት የሚመነጨውን ኢንሱሊን ይጨምራል። ነገር ግን ይህ የታየው ከአይጥና ከሰው ቆሽት በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ነው፤ በሕዋስ ላይ የታየው ሁሉ ደግሞ በሕመምተኛው ላይ በዚያው ልክ አይታይም።

በ1990 በህንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም ባለሙያዎች፥ ኢንሱሊን ለሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ዘይቱ የወጣለት የአብሽ ዱቄት በምሳና በራት ምግባቸው ውስጥ አድርገው ለ10 ቀን ሰጡ። በሽንታቸው የሚወጣው ስኳር በ54 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ የሚያስደስት ነው። ሆኖም የዱቄቱ መጠን በቀን 100 ግራም ነበረ፤ ይህም ወጥ ላይ ጣል የሚደረግ ቅመም ሳይሆን ራሱን የቻለ ምግብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን በዚያው በህንድ አገር በጃይፑር ከተማ ተደርጎ በ2001 የታተመው ምርመራ ነው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ገና የታወቀላቸው፥ ሕመማቸውም ያልጠና 25 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ። ለ12ቱ ከአብሽ ዘር በውሃና በአልኮል የወጣ ጭማቂ በቀን 1 ግራም ተሰጣቸው። ለ13ቱ ደግሞ ከምግብ ጥንቃቄና ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር አብሽ የሌለበት አምሳያ እንክብል ተሰጣቸው። የትኛው የማን እንደ ሆነ ሕመምተኛውም ሐኪሙም እንዳያውቅ ተደረገ፤ ምክንያቱም መድኃኒት ወስጃለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ጊዜ ተሽሎኛል ይላል፤ ተስፋ የሚያደርግ ሐኪምም ተስፋ ያደረገውን ያያል። (አብሽን መሰወር ቀላል እንዳልሆነ የጠጣ ሁሉ ያውቃል፤ ሽታው ከላብ ጋር ሳይቀር ይወጣልና።)

ከሁለት ወር በኋላ ምግብ ሳይቀመስ የተለካው የደም ስኳር፥ አብሽ በወሰዱት ዘንድ በአማካይ ከ148 ወደ 120 ወረደ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው እልል ሊል ይችላል። ነገር ግን ምንም አብሽ ባልወሰዱት ዘንድም ከ137.5 ወደ 113 ወርዷል! ሁለተኛው ወገን ባይኖር ኖሮ 28ቱ ነጥብ በሙሉ ለአብሽ ይመሰገንበት ነበር። ይህ ማለት ግን አብሽ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ጭማቂውን የወሰዱት ሰዎች ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የተሻለ ሲታዘዝና ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ሲቀንስላቸው ታይቷል። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ አብሽን በሌላው ሕክምና ላይ የሚጨመር ረዳት ብለው እንጂ ምትክ ብለው አላቀረቡትም። ደግሞም 25 ሰው ጥቂት ነው፤ ሁለት ወርም አጭር ነው።

በቤታችን የሚጠጣው አብሽም ከዚያ ጭማቂ ጋር አንድ አይደለም። ባልትና የሚያውቁ እናቶች መራራነቱ እስኪለቅ ድረስ ውሃውን ደጋግመው ስለሚደፉት፥ በውሃ ከሚሟሟው ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። በላዩ ማር ሲጨመርበት ደግሞ የስኳር ሕመምተኛው ስኳር ጠጣ ማለት ነው።

ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ከምድር የሚገኘውን መድኃኒትና ሐኪሙን በአንድነት ያነሣቸዋል፤ እኛም አንለያያቸው። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌውን ትቶ አብሽን ቢይዝ በጥቂት ቀን ውስጥ ለሞት የሚያደርስ ነገር ያገኘዋል። መድኃኒቱን ሳይተው ብዙ አብሽ የሚጠጣም ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ስለሚችል፥ ላብ ሲያጠምቀው፥ እጁ ሲንቀጠቀጥ ወይም ልቡ ሲመታ ስኳሩን ፈጥኖ ይለካ። ነፍሰ ጡር ሴትና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽን እንደ መድኃኒት አብዝተው ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። በቤቱ የስኳር መለኪያ ያለው ሰው አብሽ የጠጣበትንና ያልጠጣበትን ቀን ለይቶ ቍጥሩን በደብተር ቢጽፍና ለሐኪሙ ቢያሳይ፥ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ለመወሰን ይረዳዋል።