ተስፋ ሲነገር፦ ከቀራንዮ ደጅ እስከ ቢሮ ደብዳቤ

እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ ስለ ተስፋ ሲናገር የሚያነሣው መሣሪያ ብዙ ነው። «ሆፕ» የምትለዋ አንዲት ቃል ስምም ግስም ሆና ታገለግለዋለች። አጃቢ ግሶቿም የታወቁ ናቸው፤ ባለቋንቋዎቹ ተስፋን ከፍ ያደርጉታል፣ በሰው ላይ ይሰኩታል፣ ሲከሽፍም ከዐለት ጋር ያላትሙታል። ነገር እንዲሰምርላቸው ሲመኙ ሁለት ጣት ያጠላልፋሉ፣ ጥቁር ደመና ሁሉ የብር ዘርፍ አለው ይላሉ፣ ከዋሻው ጫፍ ብርሃን ይታያቸዋል። ይህች የዋሻ ብርሃን ዕድሜ ልኩን በዋሻ አልፎ የማያውቀውን የእኛን ዜና ጸሐፊ ሳይቀር ማርካዋለች።

ያው ተማሪ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አይ ሆፕ» ያለውን ሁሉ «ተስፋ አደርጋለሁ» ብሎ ይገለብጠዋል። ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከዓለም ባንክ እስከ አጠና ተራ፣ በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ቡና እየጠጣ ሰው ሲያወራ ላዳመጠ «ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል እምብዛም አያጋጥመውም። ተስፋው ሞልቷል፤ የሚነገርበት መንገድ ግን ሌላ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንጀምር። ቀራንዮ መድኃኔዓለም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት፣ ከአዲስ አበባ ቆርቋሪዎች የቀደመ ደብር ነው። ወር በገባ በ27፣ ይልቁንም በጥቅምትና በመጋቢት 27 ክብረ በዓሉ፣ መንገዱ በነጠላ ነጭ ይሆናል። ደጁ ላይ ሳንቲም የተቀበለች እናት የምትለውን ቀረብ ብሎ መስማት ነው፦ «መድኃኔዓለም ያሰብከውን ያሳካልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ለከርሞው በሰላም ያድርስህ።» ስለ ሥራ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዕድሜ ሦስት ተስፋ በአንድ ትንፋሽ ተነገረ፤ «ተስፋ» የሚለው ቃል ግን አልተነሣም። ተናጋሪዋም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለችበትም። አድራጊው መድኃኔዓለም ነው፣ የሚደረግለት መንገደኛው ነው፤ እሷ መካከል ቆማ ታገናኛለች።

የአማርኛ ተስፋ ትልቁ ማደሪያ እዚህ ነው፤ ምርቃት። ግሱ ያ፣ ይ እያለ በትእዛዝ አንቀጽ ይመጣል፦ ያድርስህ፣ ይስጥህ፣ ይሙላልህ፣ ያውጣህ። መራቂ ብቻውን አይመርቅም፤ ተመራቂው «አሜን» ካላለ ነገሩ ጎዶሎ ነው። ከምርቃት ውጭም ቢሆን፣ ጎረቤት «ልጅሽማ ዘንድሮ ሥራ ትይዛለች» ስትል እናት «እኔም ተስፋ አለኝ» ብላ አትመልስም። «እንዳፍሽ ያርግልኝ» ትላለች። የጎረቤቷን ቃል ተቀብላ ወደ ላይ ታሳልፈዋለች። እንግሊዝኛው «እኔ» ብሎ የሚጀምረውን ነገር አማርኛ ቢያንስ በሦስት ተካፋይ ይሠራዋል።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት በኮልፌ ሰፈር ይኸው ነገር ሁለት ልብስ አለው። አንዱ «እግዜር ካለ» ሲል ሌላው «ኢንሻአላህ» ይላል። ፈተና ለሚቀመጥ ልጅ አንዷ እናት «እግዜር ይርዳህ»፣ ሌላዋ «አላህ ያግራልህ» ትለዋለች። «ኢንሻአላህ» እንዲያውም ድንበር ተሻግራ በክርስቲያኑም አፍ ላይ ትውላለች፤ አንዳንዴ ከልብ፣ አንዳንዴ ደግሞ «አልመጣም» ላለማለት። አጠና ተራ ጠዋት እንጨቱን ደርድሮ ለሚጠብቅ ነጋዴ ደግሞ አላፊው «ይቅናህ» ይለዋል። አንዲት ቃል ናት፤ የቀኑን ገበያ፣ የደንበኛውን ጠባይ፣ የዋጋውን ነገር ሁሉ ጠቅልላ ትይዛለች።

ለታመመ ሰው የሚነገረው ተስፋ ለብቻው መታየት አለበት፤ ለዚህም ከዘነበወርቅ ሰፈር የተሻለ ቦታ የለም። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተጠራው የቀድሞው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመላው አፍሪካ የሚሆን የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ አለርት። በዙሪያው ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ሰፈር መሠረቱ። በሽታው ለረጅም ዘመን ቁርጥ ያለ መድኃኒት ስላልነበረው ለሕመምተኛው የሚባለው አንድ ነገር ነበር፦ «እግዜር ይማርህ፣ ምሕረቱን ያውርድልህ።» የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ብዙ መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠቱን ሕክምና እንዲሠራበት መከረ፤ ውሎ አድሮም ሕመምተኛው እንደ ደረጃው ከ6 እስከ 12 ወር መድኃኒቱን ወስዶ የሚድንበት ጊዜ መጣ። ያን ጊዜ የጤና ባለሙያው ሌላ ዐረፍተ ነገር ይዞ ወጣ፦ «ሥጋ ደዌ ይድናል።» ልብ በሉ፤ «ይማርህ» ልመና ነው፣ «ይድናል» ደግሞ ማስረጃ ያለው ወሬ ነው። መድኃኒቱ ግሱን ከልመና አንቀጽ አውጥቶ ወደ ተራ አነጋገር አዛወረው። በሰፈሩ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ኪኒኑን እየዋጡም «ይማርህ» አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም።

ሌላው ትልቅ ቤተሰብ «አለፈ» የሚለው ግስ ነው። መከራ «ያልፋል»። ሰው ግን ኑሮ ሲሻሻልለት «አለፈለት» ይባላል፤ ያቺ አንዲት «ለ» ትርጉሙን ሁሉ ታዞረዋለች። ከአየር ጤና ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ የሄደች ልጅ «ሊያልፍላት ሄደች» ይሏታል፤ «ተስፋ አድርጋ ሄደች» የሚላት የለም። ከእናቷ ጋር በስልክ የሚያወሩት እንዲህ ያለ ነው፦

«እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ድምፅሽ ተዘጋብኝ።»

«ደህና ነኝ እማዬ፤ ትንሽ ሥራው በዝቶ ነው። ያልፋል።»

«አዎ ያልፋል። መድኃኔዓለም በሰላም ያገናኘን።»

«አሜን። ለአንቺም ያልፍልሻል፣ ቤቷን እናድሳታለን።»

የመጀመሪያው «ያልፋል» ስለ ድካሙ ነው፣ የመጨረሻው «ያልፍልሻል» ስለ ቤቱ። ልጅቱ በአንድ ግስ ማጽናናትንም ቃል መግባትንም አደረሰች። «ቀን» ከዚህ ግስ ጋር ዝምድና አለው። ቀን ይጥላል፣ ቀን ይወጣል፣ ቀን ያልፋል። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» የሚለው ተረት ድካሙን አይደብቅም፤ «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» የሚለውም ጨለማው መኖሩን ሳይክድ ነው የሚያጽናናው። ወድቆ ጉልበቱ ለተላጠ ሕፃን የሚባለው «አይዞህ» ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ ከአማርኛ የተስፋ ቃላት ሁሉ ልጅ ቀድሞ የሚሰማት ሳትሆን አትቀርም።

የሚያጽናና ተረት በፈተና ሰሞንም ይመጣል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሰሞን በየቤቱ የተባለው «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ነው። ይህ ተረት ጠንከር ያለ ተስፋ ነው፤ ጠቡን ራሱን የድግስ ምልክት ያደርገዋል። ተፈታኙ ልጅ ግን ተረቱን ከሚሰማ የሒሳብ መጽሐፉን ቢያገኝ ይመርጥ እንደነበር እገምታለሁ።

እስካሁን ስለ «ተስፋ» ስለ ስሙ ራሱ አልተናገርንም። ስሙ የግዕዝ ልጅ ነው፤ ተሰፈወ ከሚለው ግስ ይወለዳል። ተቃራኒውም፣ ቀቢጸ ተስፋ፣ ከነግዕዝ ልብሱ በአማርኛ ይዞራል። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ «ተስፋ ሰጠ» ማለት ቃል ገባ ማለት ነው፤ «የተስፋ ምድር»ም እግዚአብሔር ለአባቶች እሰጣለሁ ያላት ምድር ናት። ስለዚህ የእኛ ተስፋ ከጥንት ጀምሮ ሰጪ አለው። ከግሶቹ ጋር ሲቀናጅም ይኸው ይታያል፦ ተስፋ ይሰጣል፣ ተስፋ ይጣልበታል፣ ተስፋ ያለመልማል፣ ተስፋ ይፈነጥቃል፣ መንገደኛ ተስፋን ይሰንቃል። በብዙዎቹ ሌላ ወገን አለ፤ ሰጪው፣ የተጣለበት፣ ያለመለመው። ሰው ብቻውን የሚቀረው «ተስፋ ቆረጠ» ሲባል ነው። እዚያ ላይ ቆራጩ ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ሰውም ሆነ ጊዜ ከጎን ሆኖ «ያስቆርጠው» እንደሆነ እንጂ ስለት የያዘው እጅ የራሱ ነው።

እነዚህን ቅንጅቶች ለመፈለግ የሚነሣ ሰው ጥሩ መነሻዎች አሉት። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948፣ የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አድርጎ ስለሚያሳይ ለተማሪ ይጠቅማል። የቶማስ ኬን ባለ ሁለት ጥራዝ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጥቷል። ፈሊጥ ለሚወድ ደግሞ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁት የፈሊጥ መጽሐፍ አለ። እኔ ቃል ስፈልግ ቀድሜ የምገልጠው ደስታን ነው፤ ሰውየው ያገሩን አፍ ያውቃል።

ተስፋ በስምም ይወጣል። ተስፋዬ፣ ተስፋነሽ፣ ተስፋሁን፣ ተስፋ ሚካኤል፤ ወላጅ በልጁ ስም ላይ የሚናገረው ንግግር ነው። ከሐዘን በኋላ የሚሰጡትን ምትኩን፣ ካሳሁንን፣ ማስረሻን ከዚሁ ተርታ መመደብ ያስፈልጋል፤ «ተስፋ» አይላቸውም እንጂ የጠፋው ይተካል የሚለውን ይናገራሉ። ብዙ ትውልድ ሀ ሁ የቆጠረበትን የፊደል ገበታ ያሳተመው ሰው ስሙ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ነበር፤ ወላጆቹ አልተሳሳቱም። ከጠላት ወረራ ማግሥት፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የወጣው ጋዜጣም አዲስ ዘመን ተባለ። «አዲስ» የምትለዋ ቃል በዚህች ከተማ ከ«ተስፋ» በላይ የተስፋ ሥራ ስትሠራ ኖራለች፤ የከተማዋም ስም ምስክር ነው።

አሁን ወደ ቢሮ። በቢሮና በዜና አማርኛ ተስፋ ከስሙ ጋር ብቻ ይሄዳል፦ ተስፋ ሰጪ ውጤት፣ የተስፋ ጭላንጭል፣ ብሩህ ተስፋ፣ «እንደሚጠናቀቅ ተስፋ ተጥሎበታል»። ይህ አነጋገር በከፊል የእንግሊዝኛ ዜና ግልባጭ ነው፤ መጥፎነቱ ግን ከዚያ አይመጣም። መጥፎ የሚሆነው ሰጪው ሲጠፋ ነው። «ተስፋ ተጥሎበታል» ሲባል የጣለው ማን ነው? እስከ መቼ? የከተማዋ ነዋሪ ለዚህ የራሱን መልስ ሠርቷል፤ የተስፋ ዳቦ። ዳቦው ይታያል፣ ይሸታል፣ አይበላም። የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢን የጠየቀ ይህን ቃል ሳይሰማ አይመለስም። በ1997 ዓ.ም. ከዚያም በ2005 ዓ.ም. ሕዝብ ተመዘገበ፤ በሁለተኛው ዙር ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25 ሺህ 791 ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ዕጣው በወጣበት የኮምፒውተር ሥርዓት ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። «ዕጣ ወጣለት» የሚለው የደስታ ቃል በዚያ ሳምንት «ወጥቶ ገባበት» የሚል ቀልድ ቢወልድ አይገርምም።

ለባዶ ተስፋማ አማርኛ አይታማም። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ»፣ ጉም መዝገን፣ የሕልም ሩጫ። እንግሊዞች የሚሰጥም ሰው ገለባ ይይዛል የሚሉትን እኛ «ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል» እንላለን፤ የእኛው ይብሳል፣ ገለባ ቢያንስ ይጨበጣል። ጊዜው ላለፈበት ምኞት ደግሞ «ምነው» እና «በ» አሉ፦ ምነው በነበረ፣ ምነው ባየችው። እንግሊዝኛ «ሆፕ» እና «ዊሽ» ብሎ በሁለት ቃል የሚለየውን አማርኛ በግሱ መልክ ይለየዋል፤ «ያሳያት» ያለ ገና ይጠብቃል፣ «ምነው ባየችው» ያለ ግን ጨርሷል። ተማሪ ይህን ካልያዘ «ሆፕ» ማለት ባለበት «ዊሽ» ሲል ይኖራል።

የእንግሊዝኛ መምህራን ይህን ለማስተማር የሩቅ ምሳሌ አያስፈልጋቸውም። «አይ ሆፕ ዩ ጌት ዌል ሱን» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ከጎኑ «ተስፋ አደርጋለሁ» ሳይሆን «እግዜር ይማርህ» ብለው ይጻፉ። ደብዳቤ አርቃቂዎችም «በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ» ከማለት ወደ ቀድሞው «እንደምን ሰነበታችሁ» ቢመለሱ ወረቀትም ይተርፋል፣ ሰላምታውም ሰላምታ ይሆናል። «ተስፋ ሰጪ» ብሎ የሚጽፍ ሹም ግን ከቃሉ አጠገብ የሰጪውን ስምና ቀኑን ያስቀምጥ።