የሰሙትን መረዳት ሲያቅት
ከስትሮክ በኋላ የሚሰጥ የንግግር ሕክምናና የቤተሰብ ድርሻ

ስትሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የእጅና የእግርን አለመታዘዝ ወይም የአፍን መጣመም ነው። ይሁን እንጂ በሽታው ከሚይዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል የቋንቋ ችሎታውም ይጎዳል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚቸገሩት ለመናገር ብቻ ሳይሆን ሌላው የተናገረውን ለመረዳት ጭምር ነው። ችግሩ አፌዥያ ይባላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በአብዛኛው ሰው ዘንድ የቋንቋ ሥራ የሚከናወነው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒኬ እ.ኤ.አ. በ1874 እንዳስረዳው፣ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ በሽተኛው ድምፁን እየሰማ ትርጉሙ ይጠፋበታል። የገዛ ቋንቋው እንደ ባዕድ ቋንቋ ይሆንበታል። እርሱም ሳይደናቀፍ ይናገራል፤ ቃላቱ ግን ይምታቱበታል።

ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ጆሮው ደንቁሯል ብሎ ይጮኽበታል። ሌላው አእምሮውን ስቷል ወይም ጂን ለክፎታል ይላል። ፋቲሃን አስተካክሎ ሲቀራ የሰማ ደግሞ ሁሉን ይረዳል ብሎ ይደመድማል። ለዓመታት የተደጋገመ ዱዓ፣ ሰላምታና ቁጥር ግን ሌላው ንግግር ሲጠፋም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «መድኃኒት ወስደዋል?» ሲባል «አዎን» ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሕክምናው እንዴት ነው?

የንግግር ሕክምና ባለሙያው በመጀመሪያ የተጎዳውንና የተረፈውን ይለያል። ነጠላ ቃል ይረዳል? ዐረፍተ ነገርስ? ተጽፎ ሲያየውስ? ከዚያም ዕቃዎች ፊቱ ይደረደሩና «ማንኪያው የቱ ነው?» ይባላል። መጀመሪያ ማንኪያ፣ ጫማና ቁልፍ ይቀርባሉ፤ እየቆየ ማንኪያ፣ ሹካና ቢላዋ ይሆናሉ፤ የሚቀራረቡትን መለየት ይከብዳልና። ቀጥሎ «ቁልፉን ከብርጭቆው አጠገብ ያስቀምጡ» ወደሚል ትእዛዝ ይሸጋገራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ 57 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ይህ ሕክምና በዕለት ተዕለት መግባባት ላይ ጥቅም እንዳለው አመልክቷል። ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታያል፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥም።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ የቤተሰቡ ድርሻ ይበልጥ ከባድ ይሆናል።

1ኛ. ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዝጉ። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ ሳትጮኹ፣ በአጭር ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ተናጋሪው አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

2ኛ. «ሻይ ወይስ ቡና?» ስትሉ ሁለቱንም አሳዩ። የእጅ ምልክትም ይረዳል።

3ኛ. መልስ ለማግኘት አትቸኩሉ። መድኃኒትንና ገንዘብን የሚመለከት መልስ ከሆነ በሌላ መንገድም አረጋግጡ።

4ኛ. ወሬ ስትቀይሩ አስታውቁ።

5ኛ. እንደ ሕፃን አታናግሩት፤ በፊቱም እንደሌለ ቆጥራችሁ ስለ እርሱ አታውሩ። ትናንት «አንቱ» ይባሉ የነበሩ አባት ዛሬም አንቱ ናቸው። የጠፋባቸው ቃል እንጂ ክብራቸው ወይም ለልጆቻቸው ያላቸው ፍቅር አይደለም።

በመጨረሻም፣ ደህና የነበረ ሰው በድንገት የሚባለውን መረዳት ቢያቅተው ወይም ንግግሩ ቢዘባረቅ ይህ ራሱ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል። «እስከ ነገ እንየው» ሳትሉ ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሱት።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብሩን ይስጥልን።